እጣቢው ወዴት ይፈሳል?

ስለ ቤትና ስለ መንደር ፍሳሽ ለእናቶችና ለቤተሰብ የተጻፈ ምክር



ስለ ውኃ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለሚመጣው ውኃ ነው። ከየት እንደሚቀዳ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጀሪካኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ በቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ከቤት ስለሚወጣው ውኃ ግን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። ዕቃ የታጠበበት፣ ልብስ የተዘፈዘፈበት፣ ሕጻን የታጠበበት፣ ለምግብም ሆነ ለሶላት እጅና እግር የታጠበበት ውኃ ከደጃፍ ይደፋል፤ ከተደፋም በኋላ ‹‹ጠፋ፣ አለቀ›› ይባላል።

በዚች ጽሑፍ ልናስረዳችሁ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ይኸውም የተደፋ ውኃ አይጠፋም። በተለይ እንደ ድሬዳዋ ባለው አገር፣ ሰው ሁሉ ከምድር ሥር በሚወጣ ውኃ በሚኖርበት ስፍራ፣ ዛሬ የደፋነውን ነገ መልሰን እንቀዳዋለን። ስለዚህ ለሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ዕቃ እንደምናዘጋጅለት ሁሉ ለሚደፋውም ውኃ ቦታ ልናዘጋጅለት ይገባል። ቦታውም እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ቀጥለን በየተራው እናስረዳለን። ሥራው ከዶማና ከአካፋ፣ ከድንጋይና ከጥቂት ቀን ድካም በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሁላችንም የምንቀዳው ከአንድ ጋን ነው

የድሬዳዋ ከተማ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ከተማዋም ሆነች በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች በብዛት የሚኖሩት በከርሰ ምድር ውኃ ነው። ደቻቱን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው። በደጋው ተራራ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓት ደራሽ ይሆናል፤ ከዚያም ተመልሶ ይደርቃል። ከውኃው አንዱ ክፍል ግን በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከምድር ሥር ይጠራቀማል።

ስለዚህ የከተማው ሰው በሳቢያንና ይህን በመሳሰሉ ስፍራዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በሞተር የሚሳበውን ውኃ ይጠጣል። የገጠሩም ሰው ከቦኖ፣ ከምንጭ፣ በኦሮምኛ ‹‹ኤላ›› ከሚባለው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ፣ ወይም ከደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጭሮ ይቀዳል። መቅጃው ልዩ ልዩ ይምሰል እንጂ ውኃው ከምድር ሥር ካለው ጋን የሚወጣ ነው። ያንኑ ጋን አንዱ ከላይ ይቀዳዋል፤ ሌላው ደግሞ ከጎን ፍሳሹን ይጨምርበታል።

ከዚህም ሌላ የአገሩን ዐለት ማወቅ ይጠቅማል። በድሬዳዋ አካባቢ በብዙ ቦታ ከአፈሩ ሥር ያለው ዐለት የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በየቦታው ስንጥቅ አለው። በደቃቅ አፈር ውስጥ የሚያልፍ ፍሳሽ ቀስ እያለ ይጣራል፤ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ የሚያልፍ ፍሳሽ ግን እንደ ቦይ ውኃ ሳይጣራ ይሮጣል። ስለዚህ ‹‹የእኛ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ ምንም አይነካውም›› ማለት አያስተማምንም።

ፍሳሽ ሁለት ዓይነት ነው

አንደኛው እጣቢ ነው። ይህም የዕቃ፣ የልብስና የገላ እጣቢ ሲሆን በውስጡ ቅባት፣ ፍርፋሪ፣ ሳሙናና እድፍ ይገኝበታል። ሁለተኛው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ነው። በዚህኛው ውስጥ ተቅማጥን፣ ተስቦን፣ ኮሌራንና የሆድ ትላትልን የሚያመጡ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያንና የትል እንቁላሎች በብዛት ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የሚሳሳቱበትን ነገር እንንገራችሁ። ‹‹የሕጻን ዓይነ ምድር ምን አለበት? ገና ጡት የሚጠባ አይደለም ወይ?›› ይባላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሕጻናት በተቅማጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚያዙ ዓይነ ምድራቸው ከትልቅ ሰው ባያንስም እንጂ አይሻልም። ስለዚህ የሕጻን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ከእጣቢ ጋር አይቆጠርም፤ የሚደፋው በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው። የታመመ ሰው ልብስና አንሶላ የታጠበበትም ውኃ እንዲሁ ነው።

የእጣቢው ብዛት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ ቁጠሩት። አንድ ቤተሰብ በቀን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አራት ጊዜ ቢያስቀዳ 80 ሊትር ይሆናል። የሚጠጣውንና ወጥ የሚሠራበትን፣ ከብትም የሚቀምሰውን 30 ሊትር ብናደርገው 50 ሊትር እጣቢ ሆኖ ይወጣል። ይህ በወር 1,500 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሞላ ከሰባት በርሜል ይበልጣል። በመንደሩ 30 ቤት ቢኖር ደግሞ በየቀኑ 1,500 ሊትር በየደጁ ይደፋል። ዝንቡ፣ ሽታውና ጭቃው ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ቁጥር ይገባችኋል።

ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ ያለ ቆሻሻ ጉድጓድ ያደረሰው ጉዳት

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በነሐሴ ወር 1846 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854፣ በለንደን ከተማ ብሮድ በሚባል መንገድ ዙሪያ ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታው ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት ለቤት ቆጥሮ፣ አብዛኞቹ ከአንድ የመንገድ ፓምፕ ይጠጡ እንደነበር ገለጸ። የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በኋላ ስፍራው ሲቆፈር ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ የአንድ ቤት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ግንቡ ፈርሶ ሲያፈስ ተገኘ። በዚያ ቤት የታመመች ሕጻን ነበረች፤ ጨርቋ የታጠበበትም ውኃ በዚሁ ማጠራቀሚያ ይደፋ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ውኃው ሲታይ የጠራ ነበር። የቀዱትም ሰዎች ንጹሕ ነው ብለው ነው የጠጡት። ጥፋቱ የመጣው ሁለቱ ጉድጓዶች በመቀራረባቸው ነው። በእኛም አገር በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ በኩል የተነሣው ኮሌራ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። ኮሌራ መንገዱ ዛሬም ያው ነው፤ ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃና ወደ ምግብ፣ ከዚያም ወደ አፍ።

በማፍላት የማይወጣ ነገር አለ

ብዙ ሰው ‹‹ውኃውን አፍልቼ ከጠጣሁ ምን ቸገረኝ?›› ይላል። በእርግጥ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ መልካም ልማድ ነው፣ አትተዉት። ነገር ግን በማፍላት የማይወጣ ሌላ ነገር አለ። ሽንትና ዓይነ ምድር በምድር ውስጥ በበሰበሰ ጊዜ ናይትሬት የሚባል እንደ ጨው በውኃ የሚሟሟ ነገር ይወጣዋል። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ በምላስም አይለይም። አፈርም በቀላሉ አይዘውም። ውኃው ሲፈላና ሲተን ናይትሬቱ እንዲያውም ይጠናል እንጂ አይቀንስም።

የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። በድሬዳዋ ከተማ በባለሙያዎች ከተመረመሩት ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ከዚህ መጠን በላይ ተገኝቷል። ባለሙያዎቹ ዋና ምክንያት አድርገው የቆጠሩትም በከተማው ውስጥ ያሉትን የመጸዳጃ ጉድጓዶችና የፍሳሽ ማጠራቀሚያዎች ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ስድስት ወር ያልሞላቸውን፣ በጡጦ የሚያድጉ ሕጻናትን ነው። የሕጻኑ ደም አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ካልደረሰ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ሕጻኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም ቢሆን አይጨመርለት። ለትልቁም ለትንሹም ሰው የሚሻለው ግን ናይትሬቱ ከውኃው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ፍሳሹን ማራቅ ነው። ከገባ በኋላ በጎጆ ውስጥ የሚወጣበት ብልሃት የለም።

አፈር እንዴት ያጣራል?

‹‹ታዲያ ከምድር በቀር ወዴት እንድፋው?›› ትሉን ይሆናል። እኛም የምንላችሁ ምድር ላይ ድፉት ነው፤ ነገር ግን በአግባቡና በቦታው።

ፍሳሽ የሚጠራው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው መዝቀጥ ነው። ፍሳሹ ቆም ሲል ከባዱ እድፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቅባቱም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው በአፈርና በጠጠር ላይ የሚኖሩ የማይጎዱ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። እነዚህ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ እንደ ምግብ ይበሉታል። ሦስተኛው ራሱ አፈሩ ነው። ውኃው በደረቅ አፈር መካከል ቀስ ብሎ ሲወርድ በሽታ አምጪዎቹ ይያዛሉ፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ።

ልብ በሉ፤ አፈሩ ይህን ሥራ የሚሠራው ደረቅ ሲሆንና ጊዜ ሲያገኝ ነው። ፍሳሹ በቀጥታ ከከርሰ ምድር ውኃ ላይ ከወደቀ፣ ወይም በዐለት ስንጥቅ ከገባ፣ አጣሪ አላገኘም ማለት ነው።

በትልቅ ከተማ ያለው ማጣሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ቃሊቲ መጀመሪያ የተሠሩት ፍሳሹ እየዘቀጠና በፀሐይ እየተጣራ የሚያልፍባቸው ሰፋፊ ኩሬዎች ነበሩ፤ በኋላ በቦታው ዘመናዊ ማጣሪያ ተሠርቷል። እናንተ በግቢያችሁ የምትሠሩት ትንሽ ጉድጓድ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ቦታ አመራረጥ

መጸዳጃ ቤት ከመቆፈሩ በፊት የሚከተሉት አራት ነገሮች ይታዩ።

፩ኛ/ ርቀት። ከማንኛውም የውኃ ጉድጓድ፣ ከምንጭና ከቢርካ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ይህ በትልቅ ሰው እርምጃ 40 ያህል ነው። ዐለቱ ስንጥቅ በሆነበት ቦታ ከዚህም በላይ ይራቅ።

፪ኛ/ አቀማመጥ። ከውኃው ጉድጓድ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ይሁን። ፍሳሽም እንደ ማናቸውም ውኃ ወደ ታች ይሄዳልና።

፫ኛ/ ጥልቀት። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድሩ ውኃ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ይበል። ስትቆፍሩ እርጥብ አፈር ካገኛችሁ አቁሙ፤ ‹‹ጥልቅ ሲሆን ይሻላል›› በማለት ውኃ ላይ አትድረሱ።

፬ኛ/ ጎርፍ። በደረቅ ወንዝ ዳርና በጎርፍ መውረጃ አይቆፈር። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 የሚበልጥ ሰው መሞቱን የማያስታውስ የለም። እንዲህ ያለ ደራሽ ሲመጣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ይሞላና በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ቤትና ወደ ኤላ ያዳርሳል። ስለዚህ ቦታው ከፍ ያለ ይሁን፤ በዙሪያውም አፈር ተቆልሎ ይጠቅጠቅ፣ ጎርፍ መመለሻ ቦይም ይበጅለት።

ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ መነስነስ ሽታንና ዝንብን ይቀንሳል። ቀዳዳውም ሁልጊዜ ይከደን። የልብስና የዕቃ እጣቢ ግን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አይጨመር፤ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ ቆሻሻውንም እየገፋ ወደ ታች ያወርደዋል። የሕጻን ጨርቅና የበሽተኛ ልብስ የታጠበበት ጥቂት ውኃ ብቻ ይፈቀዳል።

የእጣቢ ማስረጊያ ጉድጓድ አሠራር

በመጀመሪያ አፈሩን ፈትኑት። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ቦታው መልካም ነው። አድሮም ካልሰረገ አፈሩ ሸክላ ነውና ሌላ ቦታ ፈልጉ። እንደ ወንፊት ወዲያው ከዋጠው ደግሞ አሸዋ ወይም ስንጥቅ ዐለት ነው፤ ከውኃ ጉድጓድ ይበልጥ መራቅ አለባችሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲህ ነው።

፩/ ከቤቱ ግድግዳ ከ3 ሜትር፣ ከውኃ ጉድጓድም ከ30 ሜትር ያላነሰ ቦታ ምረጡ። ወርዱ ሁለት ክንድ፣ ጥልቀቱ ሦስት ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩ። ይህ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ያህል ነው።

፪/ ከሥሩ ጀምሮ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ሙሉበት። ጫፉ ሊደርስ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ትንንሽ ድንጋይ፣ ከዚያም ጠጠር አልብሱት። ድንጋዩ ጉድጓዱ እንዳይደረመስ ይይዘዋል፤ ጥቃቅን ሕያዋኑም የሚኖሩት በላዩ ላይ ነው።

፫/ ያረጀ ቆርቆሮ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ወስዳችሁ ሥሩን በምስማር ብሱት። በውስጡ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጠቅጥቁበትና በጉድጓዱ መካከል ትከሉት። እጣቢው የሚደፋው በዚህ ውስጥ ነው። ሣሩ ቅባቱንና ፍርፋሪውን ይይዛል። ይህን ማጥለያ የተወ ሰው ጉድጓዱ በጥቂት ጊዜ በቅባት ይደፈናል።

፬/ የቀረውን አፍ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በላስቲክ ሸፍናችሁ አፈር መልሱበት፤ ማጥለያውንም ክደኑት። ውኃው በላይ ታቁሮ መታየት የለበትም።

፭/ በዙሪያው አፈር ከፍ አድርጉ፤ የዝናብ ጎርፍ እንዳይገባ።

በየሳምንቱ ሣሩን ለውጡ፤ አሮጌውን ቅበሩት ወይም አድርቃችሁ አቃጥሉት። ድስትና ምጣድ ከመታጠባቸው በፊት ቅባታቸውን በአመድ ወይም በቅጠል መጥረግ ጉድጓዱን ያስረጅመዋል። ውኃው መስረግ ሲያቅተው አጠገቡ ሌላ ቆፍሩና የመጀመሪያውን አሳርፉት። ካረፈና ከደረቀ በኋላ እንደገና ይሠራል።

እጣቢ ለተክል

ድሬዳዋ ሞቃት አገር ናት፤ ዝናቧም ጥቂት ነው። በዚህ አገር 50 ሊትር ውኃ በየቀኑ መቅበር ያሳዝናል። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ማንጎ ወይም ሎሚ ያለው ቤተሰብ የእጣቢውን አንድ ክፍል ለዛፉ ይስጠው። በዛፉ ዙሪያ ክብ ቦይ ቆፍራችሁ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙበትና በዚያ ላይ ድፉት፤ ውኃው ወዲያው ይሰርጋል፣ ሳሙናውም በአንድ ቦታ አይከማችም። ዛፉን በየቀኑ አፈራርቁ፤ አንዱ ዛፍ ብቻ የሳሙና ውኃ ሲጠጣ ከኖረ አፈሩ ይደድራል።

ነገር ግን ሰላጣን፣ ካሮትንና ሳይበስል የሚበላን አትክልት ሁሉ በእጣቢ አታጠጡ። በረኪና የገባበትን ውኃ ለተክል አትስጡ። የሕጻን ጨርቅ እጣቢ ደግሞ አስቀድመን እንዳልነው ወደ መጸዳጃ ነው።

እጣቢን ‹‹ነገ አጠጣበታለሁ›› ብላችሁ በርሜል ውስጥ አታሳድሩት። ይሸታል፤ የትንኝም መራቢያ ይሆናል። ስለ ትንኝ ካነሣን ዘንድ ሁለቱን ለይታችሁ እወቁ። በቆሸሸ ውኃ የሚራባው ትንኝ በሌሊት እየተናከሰ እንቅልፍ የሚነሣው ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ያሳመመውን የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የያዘውን ቺኩንጉንያም ያስተላለፈው ግን በቀን የሚናከስ ሌላ ትንኝ ነው። እርሱም የሚራባው ለመጠጥ በተቀመጠ በርሜል፣ በጎማና በቆርቆሮ ውስጥ በታቆረ ጥሩ ውኃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በበጋ ወራት በድሬዳዋ ለተነሣው ወባ ምክንያት የሆነችው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝም እንዲሁ በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ እጣቢውን አስርጉ፤ የመጠጡንም በርሜል አጥብቃችሁ ክደኑ፣ በየሳምንቱም አራግፋችሁ ፈትጉት። አንዱን ሠርቶ ሌላውን መተው ግማሽ ሥራ ነው።

መንደሩ በሙሉ ሲተባበር

አንድ ቤት ብቻውን ቢጸዳና ጎረቤቱ ከኤላው አጠገብ ቢደፋ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ጋኑ የጋራ ነው ብለናልና ሥራውም የጋራ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ የሚታየው የቦኖው ዙሪያ ነው። ጀሪካን ሲሞላ የሚፈሰው ውኃ ጭቃ ሠርቶ፣ ከብት ገብቶበት፣ ሕጻን በባዶ እግሩ የሚቆምበት ከሆነ በሽታ ከውኃው በር ላይ ይጠብቃችኋል። ወለሉ በሲሚንቶ ይሠራ፤ የፈሰሰውም ንጹሕ ውኃ በቦይ ወደ ከብት ገንዳ፣ ከገንዳውም የተረፈው ወደ አትክልት ይሂድ። ቦኖው በአጥር ይከለል።

ሁለተኛ፣ ልብስ ማጠቢያ ቦታ ይለይ። በወንዝና በምንጭ ዳር መታጠብ ቀላል ይመስላል፤ እጣቢው ግን ወደ ታች ሲወርድ ሥራ ይሠራል። ለዚህ ምስክር የሚሆን በአገራችን የታወቀ ነገር አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጠ። ያ ግኝት ለጥቅም ዋለ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ ከላይ ያለች ሴት የደፋችው እጣቢ ከታች ባለው ሕይወት ላይ እንደሚደርስ። ስለዚህ ማጠቢያው ከውኃው 30 ሜትር ይራቅ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን፣ የራሱም ማስረጊያ ይኑረው።

ሦስተኛ፣ ቤቶቹ ተጠጋግተው ለየራሳቸው ጉድጓድ የሚሆን ቦታ ያጡ እንደሆነ የጋራ ማጣሪያ ይሠራ። የ30 ቤት እጣቢ በቀን 1,500 ሊትር ነው ብለናል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ የተገነባና የተከደነ ገንዳ 3,000 ሊትር ይይዛል፤ ይህም የሁለት ቀን ፍሳሽ ነው። በዚያ ውስጥ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱም ይቀራል። ከዚያ የጠለለው ውኃ ጠጠር ወደ ተሞላበትና ሸምበቆ ወይም ደንገል ወደ ተተከለበት መደብ ያልፋል። ውኃው ከጠጠሩ በታች አንድ እጅ ያህል ዝቅ ብሎ ይሂድ እንጂ በላይ አይታይ፤ ያን ጊዜ ትንኝ አይራባበትም። ከመደቡ የሚወጣው ለዛፍ ይውላል፤ ለመጠጥ ግን በፍጹም አይሆንም። የመደቡን ስፋትና ቦታ የውኃ ባለሙያ ለክቶ ይስጣችሁ። ዝቃጩን የሚያወጣ፣ ቦዩንም የሚጠርግ ሰው በውኃ ኮሚቴው ይመደብ፤ ባለቤት የሌለው ማጣሪያ ተመልሶ ረግረግ ይሆናልና።

ለአባወራዎች

እስካሁን እናቶችን ነው ያነጋገርነው፤ እጣቢው በእጃቸው ስለሚያልፍ ነው። ነገር ግን ውኃ ቀድታ፣ አብስላ፣ አጥባ የዋለች ሴት ጉድጓዱንም ትቆፍር ማለት አግባብ አይደለም። ዶማውን የሚያነሣው አባወራውና ጎልማሳው ልጅ ነው። የማስረጊያው ጉድጓድ የሁለት ቀን ሥራ ቢሆን ነው። አንድ ሕጻን በተቅማጥ ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ የሚጠፋው ቀን ከዚያ ይበልጣል፤ ሕጻኑ የሞተ እንደሆነ ደግሞ በምንም አይመለስም።

በመጨረሻ አምስት ነገር አስታውሱ። ፍሳሽ ከውኃ ጉድጓድ 40 እርምጃ ይራቅ። የሕጻን ጨርቅ እጣቢ ወደ መጸዳጃ ይሂድ። የቀረው እጣቢ በማጥለያ አልፎ ይስረግ ወይም ለዛፍ ይዋል። የመጠጥ ውኃ ይከደን። ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ።

ስለ ቦታው አመራረጥ የተጠራጠራችሁ እንደሆነ በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሯት፤ ከመቆፈራችሁ በፊት ትይላችሁ። እኛም ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ እንድታነቡላቸው፣ በአፋን ኦሮሞም በሶማልኛም እንድታስረዷቸው አደራ እንላለን። የጎረቤታችሁ እጣቢ በቦታው ሲውል የእናንተም ውኃ ይጠበቃል።